የፑዎት የብረት በሬ

ፑዎትን መጀመሪያ ያየሁት ምግብ ቤቴ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ነው። አክብሮኝ እንዳይመስላችሁ፤ ቁመቱ ነው። ሰሜኑና ደቡቡ ሰላም በተፈራረሙ በዓመቱ መሆኑ ነው፤ ጁባ ውስጥ፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር በቆርቆሮና በሸራ ያቆምኳት ቤት ገና ስም እንኳ አልወጣላትም ነበር። ጥግ ይዞ ተቀመጠና በጠራ አማርኛ፣ «እትዬ፣ ሽሮ ካለ በቅቤ ይሁንልኝ፤ ቅቤው ቢቀር እንኳ ቃሪያው እንዳይቀር» አለኝ። ጭልፋው ከእጄ ሊወድቅ!

«አንተ! የማን ልጅ ነህ?»

«የኢታንግ» አለኝና ሳቀ።

ኢታንግ ጋምቤላ ውስጥ የነበረ የስደተኛ ሰፈር ነው። አባቱ ጦርነት ላይ ሲሞት አጎቱ እሱን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፤ እናቱ ኛሉዋክ ደግሞ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ካርቱም ሸሸች። የስደተኛው ሰፈር ሲበተን ልጁ አዲስ አበባ ገባ፤ ቄራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቶ አደገ። ሰላም ሆነ ሲባል አገሬ ብሎ ጁባ መጣ። አገሩ ግን «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለችው።

ይኼን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በእነሱ በኑዌሮቹ ዘንድ ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ መስመር ይተለተላል፤ ከዚያ አባቱ በሬ ይሰጠዋል። ልጁ ለበሬው ይዘፍንለታል፣ ቀንዱ ላይ የጭራ ዘርፍ ያንጠለጥልለታል፣ ጓደኞቹም ከዚያ ወዲያ በበሬው ስም ነው የሚጠሩት። ትልቅ ሰው ሆነ ማለት ያ ነው። የፑዎት ግንባር ግን እንደ እኔ ሳህን ልሙጥ ነው። በዚያ ዕድሜው አባት የለ፣ በሬ የለ፣ ለራሽን ተሰልፎ ነበር። ሎሎጎ የሚባል የጁባ ሰፈር ጎጆ ሲቀልስ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጢም ያወጣውን ሰውዬ «ልጁ» እያሉ ጠሩት። እነሱ ፊት ይስቃል፤ እኔ ቤት ሲመጣ ሽሮው ፊቱ ላይ ይቀዘቅዝበታል።

አንድ ኤንጂኦ ውስጥ ሾፌር ሆኖ ተቀጠረ። ደህና ሥራ ነው፤ በዕረፍቱ አግብቶ ቢወልድ ምን አለበት? እሱ እቴ! ቅዳሜና እሁድ ወታደር ጥሎት የሄደውን ብረት ሲያስስ ይውላል። ታንክ አይደለም፤ ታንክስ በየመንገዱ ወድቆ ማንም ያየዋል። የእሱ ፍቅር ተጎታች ነው፤ ያውም ሰው አይቶት የማያውቀውን ዓይነት። መጀመሪያ የውሃ ጋን የተሸከመ ባለ ሁለት ጎማ አመጣ። ቀጥሎ የወታደር ወጥ ቤት አመጣ፤ ጎማ ላይ የቆመ፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ ትልልቅ የብረት ድስቶች የሰመጡበት። እሱን ሳይ ልቤ ቀጥ አለ።

«ሽጥልኝ» አልኩት።

«አይሸጥም እትዬ።»

«አከራየኝ።»

«አይከራይም።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው፣ ልትድረው?»

«እሁድ እሁድ ላንሸራሽረው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ምን ቀልድ አለ! በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከዩጋንዳ በመጣች መሪዋ በቀኝ በሆነ አሮጌ ፒክአፕ ያን ወጥ ቤት እየጎተተ ወደ ወንዙ ድልድይ ሲሄድ አየሁት። ባዶውን! ድልድዩ ድረስ ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ በቃ። ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ሳይክል ታክሲ ልጆች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያጅቡታል። በማግስቱ ሲመጣ አልማርኩትም።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ።»

«እኔ ተቀዶ ነው ያገኘሁት እትዬ» አለኝ፤ «የእኔ መስፋቱ ብቻ ነው።»

ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ሣር ውጦት፣ ብረት ነጋዴ ቆራርጦ ሊጭነው ሲል ነው የደረሰበት። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ አልጋ የሚመስል ነገር። ሠራዊት ወንዝ ሲሻገር ጀልባ ደርድሮ ድልድይ ይሠራል አሉ፤ ያን ጀልባ እስከ ውሃው አፍ የሚያደርሰው ይኼ ተጎታች ነው። ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር ጋራዥ ያለው የእኛው ሰው ማስረሻ፣ በያጁ፣ ሲያየው አማተበ። ጎማው በስብሷል፣ ኩሽኔታው ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል፣ የወለሉን እንጨት ምስጥ ጨርሶታል። የመጎተቻው ቀለበት ደግሞ ከወታደር መኪና መንጠቆ በቀር በምንም አይገባም።

«ቁረጠውና የሰው ዓይነት እንግጠምለት» አለው ማስረሻ።

«የበሬ አፍንጫ ይቆረጣል?» አለ ፑዎት። ቀለበቱ ሳይነካ ለፒክአፑ ነው አዲስ መንጠቆ የተሠራላት። ማስረሻ ሲበይድ እየተሳደበ፣ ፑዎት ብረቱን በብሩሽ እየፈገፈገ፣ አንድ ክረምት ሙሉ እንዲሁ አለፈ። ሲያልቅ ጥቁር ቀባውና ጎኑ ላይ ሰፊ ነጭ አወጣለት። ከፊት የጭራ ዘርፍ አንጠለጠለበት። ስሙንም «ሪያል» አለው።

«ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ጎኑ ነጭ የሆነ ጥቁር በሬ ነው። የአባቴ በሬ እንዲህ ነበር፤ እናቴ ናት በስልክ የነገረችኝ።»

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤትም ቡሬ የሚባል በሬ ነበረን። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይኼ ልጅ ሳይሰጠው የቀረውን በሬ በብየዳ እየሠራ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በቆቡ ቀልጄበት አላውቅም፤ በሌላ በሌላው ቀለድኩ እንጂ።

እናቱን በሰው በሰው አፈላልጎ በስልክ ካገኛት ቆይቷል። ኔትወርክ ደህና አድርጎ የሚይዘው እኔ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ስለሆነ እዚያ ቆሞ በቋንቋቸው ይጮኻል፤ ስልኩን ሲዘጋ ለእኔ በአማርኛ ይተርክልኛል። ኛሉዋክን በዓይኔ ሳላያት ጎረቤቴ ሆነች። ካርቱም ዳር፣ አቧራ ሰፈር ውስጥ፣ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ኖራ የብረት አልጋ ገዝታለች። ከመሬት ተነሥታ የተኛችባት የመጀመሪያ አልጋ እሷ ናት፤ የአልጋዋን ነገር ስታነሣ ድምጿ ይለወጣል ይለኛል።

ሪፈረንደሙ ተደርጎ አገሩ ሊለይ መሆኑ ሲታወቅ ካርቱም ያለው ደቡቤ ሁሉ ተነሣ። መንገዱ ሁለት ነው። አሮጊትና በሽተኛን በአውሮፕላን ያመጣሉ፤ ግን የእጅ ሻንጣ ብቻ። ዕቃዬን ያለ ደግሞ ኮስቲ ወደሚባለው ወደብ ወርዶ፣ ወንዝ ዳር ሰፍሮ፣ ባርጅ የሚሉትን ያን ሰፊ የጭነት ጀልባ ተራ ይጠብቃል። ኛሉዋክ ለአውሮፕላን ተመዝግባ ነበር። ደውላ «አልጋዬስ?» አለችው። ማንጎው ሥር ቆሜ እሰማለሁ፤ ቋንቋው ባይገባኝም ደረቱን ሲነፋ አየሁ። ስልኩን ዘግቶ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«ምን አልካት?»

«አንዲት ማንኪያ እንዳትተዪ አልኳት! ሪያል አለልሽ፣ ቤትሽን እንዳለ ይሸከመዋል አልኳት።»

«አበድክ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። «አሮጊት ሴትዮ በሰማይ ነይ ስትባል በውሃ ነይ ትላታለህ? አልጋ እዚህ ጉምሩክ ገበያ ሞልቶ! እናት ግን የትም ገበያ የለችም!»

«እትዬ፣ እናቴ እንደ እንግዳ ሻንጣ አንጠልጥላ አትገባም» አለኝ። «ከነቤቷ ነው የምትገባ። እሷ ከፊት ከእኔ ጋር፣ ዕቃዋ ሪያል ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው እያዩ።»

«ኩራት እራት ነው ሲባል እውነት መሰለህ?»

ዓይኑ እኔን እያየ አልነበረም፤ የሎሎጎን መንገድ ነበር የሚያየው። ምን ላድርግ? እናቱ የእሱ ናት።

ኛሉዋክ አልጋዋን ይዛ ኮስቲ ወረደች። ወረደችና ቀረች። ዛሬ ነገ ሲባል ወሩ ወሩን ወለደ። ሰው በሸራ ሥር፣ በቁም ሳጥኑና ከቤቱ ነቅሎ ባመጣው በር መሃል ተኝቶ ተራ ይጠብቃል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሃው ሆድ ያማል። ፑዎት በደወለ ቁጥር ከቃሏ ሳሏ እየበዛ መጣ። አንድ እሁድ ማንጎው ሥር ሲለምን አየሁት። እንዲህ ያለ ረጅም ሰው ሲለምን ማየት ደስ አይልም።

«ተዪውና በአውሮፕላን ነይ አልኳት» አለኝ ሲጨርስ።

«እና?»

«በሬህን አዘጋጅተህ እንዴት ባዶ እጄን ልምጣ፣ ሰው ምን ይልሃል አለችኝ።»

የገዛ ቃሉን ነው የመለሰችለት። እሱም ራሱን እንደሚያጽናና ሁሉ፣ «ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥኩም ትላለች፤ ለሪያል የሚሆን ነገር እየሠራች ነው። ምንድነው ብላት ስመጣ ታያለህ አለችኝ» አለ።

በመጨረሻ ባርጁ ተነሣ ተባለ። ወንዙ የሚያልፍበት ረግረግ ውስጥ ከገባ ስልክ የለም፤ በቃ መጠበቅ ነው። ከተማው የነፃነቱን ቀን ሊያከብር መንገዱን ይጠርጋል፣ አጥሩን ይቀባል። ፑዎትም በበኩሉ ሪያልን ያጥባል። ወለሉን በአዲስ ጣውላ አለበሰው፣ ኩሽኔታውን ግራሶ አጠገበው፣ ነጩን ጎኑን ደግሞ ቀባው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጭኖበት አያውቅም። «የመጀመሪያ ሸክሙ የእናቴ ቤት ነው» ይላል። እኔም ጉድ ጉድ ሳልል አልቀረሁም፤ ለታማሚ ሆድ የማይከብድ አልጫ ሠርቼ፣ በሰሃን ሸፍኜ፣ ፒክአፑ ውስጥ ገባሁ። እሷ ስትመጣ ቦታዬን ለቅቄላት ከኋላ ልጫን ነበር ሐሳቤ።

ወደቡ ጭቃ ነው። ዝናቡ አላባራም፣ ከዚያ በፊት የመጡት ገና ዕቃቸው ላይ ሸራ ወጥረው ይኖራሉ። ባርጁ ሲጠጋ እልልታውና ለቅሶው ተደባለቀ። ፑዎት ከሰው ሁሉ በላይ ስለሚታይ እጁን ማውለብለብ አያስፈልገውም ነበር፤ ግን ያውለበልባል። ሰው ወረደ፣ ወረደ። አሮጊት በመጣች ቁጥር ወደ ፊት ይራመዳል፣ ይቆማል። በኋላ አንዲት ወፍራም ሴት ሰውን እየገፋች መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ኢታ ፑዎት?» አለችው፤ አንተ ነህ ፑዎት ማለቷ ነው። ካርቱም ጎረቤታቸው የነበረችው ጆሴፊን ናት፤ ከእናቱ ጋር አብራ ተሳፍራለች። እሱ ራሱን ነቀነቀ። እሷም «ማሌሽ» አለች።

ጁባ ውስጥ እግርህን የረገጠህም ማሌሽ ይልሃል፣ መርዶ ያመጣም ማሌሽ ይልሃል። እኔ ግን ከድምጿ አወቅሁ። ሰሃኑን የት እንዳስቀመጥኩት ዛሬም አላውቅም።

ሳሉ ባርጁ ላይ ጠንቶባት ኖሯል። በአልጋዋ ላይ፣ በዚያችው አልጋ ላይ፣ ሰማዩን እያየች ተኝታ መጣች። ረግረጉ መሃል ሞተች። በዚያ ሙቀት ሬሳ ይዞ መጓዝ አይቻልም፤ ደረቅ መሬት እስኪገኝ ተጠብቆ ባርጁ ተጠጋ፣ ወንዶች ወርደው ቆፈሩ፣ ተቀበረች፣ ባርጁ ሄደ።

«የት?» አለ ፑዎት።

«ከሻምቤ ወደብ ወዲህ ነው። አንድ ዛፍ አለው።»

«በምሥራቅ በኩል ነው በምዕራብ?»

ጆሴፊን ለማስታወስ ሞከረች፤ አየኋት፣ እውነት ሞከረች። ፀሐይዋ በዚህ ነበረች ብላ እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ወደዚያ አደረገችው። ወንዙ እዚያ ጋ እንደ እባብ ይጥመዘመዛል፤ ፀሐይ አንዴ በግራ ናት፣ አንዴ በቀኝ። በመጨረሻ «ኣና ማ ኣሪፍ» ብላ አለቀሰች፤ አላውቅም አለች። ፑዎት አላለቀሰም። «ዕቃዋስ?» አለ።

አልጋውን፣ የቆርቆሮ ሳጥኑን፣ ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ፣ ከካርቱም ቤቷ የነቀለችውን በር፣ አንድም ሳያስቀር እያወረደ ሪያል ላይ ጫነ። ማንኪያዎቹ በጨርቅ ታስረዋል። አንዲት ማንኪያ አልተወችም። የወደብ ተሸካሚዎች ሊያግዙት ሲመጡ በእጁ መለሳቸው። እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ እንደ ገጠር ሴት ደረቴን ደቃሁ፤ ማን ከለከለኝ።

ከወደቡ ስንወጣ የሆነውን ግን እስክሞት አልረሳውም። በዚያ ሰሞን የተመላሽ ዕቃ የጫነ መኪና ሲያልፍ ሴቱ ከየቤቱ ወጥቶ እልል ይላል፤ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ ለማለት ነው። ሪያል አልጋና ሳጥን ተሸክሞ፣ ነጭ ጎኑ እያብረቀረቀ፣ ዘርፉ እየተወዛወዘ ሲያልፍ መንገዱ በሙሉ በእልልታ ቀለጠ። ስንት እሁድ ባዶውን ሲጎትት የሳቁበት የቦዳ ቦዳ ልጆች ጥሩምባ እየነፉ አጀቡን። አንዷ ሴትዮ አንገቷን በመስኮት አስገብታ እኔን ሳመችኝ። እናቱ መስዬያት ነው! ደሜ ፈላ። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ «ዝም በሉ! ምን ያስጮኻችኋል!» ልላቸው ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ተያቸው እትዬ» አለኝ። «ለእሷ ነው።»

ሎሎጎ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ነበሩ። ቆሙ። የመኪናዋን ውስጥ አዩ፣ እኔን አዩ፣ አልጋውን አዩ፤ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ሁልጊዜ «ልጁ» የሚለው እሱ፣ በዘንጉ እየተደገፈ ተጠግቶ «ሪያል» ብሎ ጠራው። ተጎታቹን አይደለም፤ ፑዎትን ነው። ሰው በበሬው ስም ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል ናት። ፑዎት ግን ዞር አላለም፤ የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ ውስጡን እያየ ነበር።

ከልብሷ በላይ የተቀመጠው ገመድ ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ ክር እየመዘዘች፣ አጥብቃ የጎነጎነችው፣ ጫፉ ላይ ለአንገት የሚሆን ማሰሪያ ያለው፣ ረጅም የበሬ ገመድ። ከሥሩም ችካል አለ፤ ከባድ እንጨት፣ አናቱ በድንጋይ የተመታ። ኮስቲ ላይ እነዚያን ወራት ሙሉ የሠራችው ይኼን ነው። ልጇ በሬ አለኝ ብሏታል፤ አባት የለውም፣ ማሰሪያውን ማን ይስጠው? እሷ ሰጠችው። ፑዎት ችካሉን መሬት ላይ መትቶ ተከለ፣ ገመዱን በዚያ ባልተቆረጠ ቀለበት አሳልፎ አሰረ። ከዚያ ነው ጎማው ሥር ቁጭ ብሎ «እኔ ገደልኳት» ያለው። በአማርኛ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙት ይሁን እኔ እንድሰማው አላወቅሁም። አይደለም ብዬ ልዋሽለት ፈለግሁ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

የነፃነቱ ቀን ከተማው በከበሮ ሲናወጥ ማስረሻ ሪያልን ለሰልፍ ይጎትተው እንደሆነ ጠየቀው፤ ባንዲራ እናልብሰው፣ ሁሉ ሰው ይየው አለው። እምቢ አለ። እኔ ቤቴን ዘግቼ ምግብ ይዤለት ሎሎጎ ወረድኩ። የከብት በረት እንደሚጠረግ ከተጎታቹ ሥር በመጥረጊያ እየጠረገ አገኘሁት። አልጋው ገና ላዩ ላይ ነው። ሳጥኑም፣ በሩም፣ ሳፋውም ዝናብ እየጠጡ ናቸው፤ አላወረዳቸውም።

«አልጋውን አግባውና ተኛበት እንጂ፤ ዝገት ሊበላው ነው።»

«አይወርድም» አለኝ። «በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ሪያልን ይዤ እሄዳለሁ። ዛፉን እፈልጋለሁ። አጥንቷን አልጋዋ ላይ አስተኝቼ አመጣታለሁ።»

እዚያ መንገድ የለም። በበጋም የለም። ወንዙ በየክረምቱ ዳርቻውን ይበላል፤ ዛፉንም ከወሰደው ሰንብቶ ይሆናል። ይኼን እኔ ምግብ ሻጯ ካወቅሁ እሱ ሾፌሩ አጥቶት አይደለም። ዓይኑን ቀና አድርጎ አየኝ፤ አፌን የሚያውቅ ሰው ነው፣ የምለውን እየጠበቀ ነበር።

«እሺ» አልኩት። «ስንቁን እኔ እቋጥራለሁ።»